ከ12ኛ ክፍል ሳይወጡ የሕክምና ትምህርት ቤት ቦታ መያዝ፦ ከልጄ ጋር ያለፍንበት መንገድ

ሜሪላንድ በምንኖርበት አካባቢ ልጆቻቸው ለኮሌጅ የደረሱላቸው ወላጆች በየጊዜው ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ልጄ ገና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳትመረቅ የሕክምና ትምህርት ቤት ቦታ የያዘችበትን መርሐ ግብር እንዴት እንዳገኘችው ማወቅ ይፈልጋሉ። በስልክ የምመልስላቸው ሁልጊዜ ግማሹን ብቻ ነው፤ ሁሉም ስለ አገባቡ እንጂ ከገቡ በኋላ ስለሚመጣው አይጠይቁኝምና። እኛን እንቅልፍ የነሳን ግን ከገባች በኋላ የመጣው ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም አያይዤ ለመጻፍ ወሰንኩ።

በአሜሪካ ሐኪም ለመሆን የተለመደው መንገድ ረጅም ነው። ተማሪው በመጀመሪያ 4 ዓመት ተምሮ ባችለር ዲግሪ ይይዛል፤ ኤምካት የተባለውንና ከ472 እስከ 528 የሚታረመውን ፈተና ይወስዳል፤ ከዚያም ለበርካታ የሕክምና ትምህርት ቤቶች አመልክቶ አንድ ዓመት ያህል መልስ ሲጠብቅ ይቆያል። በ2023 ኤምዲ የተባለውን የሐኪም ዲግሪ ለሚሰጡት ትምህርት ቤቶች ያመለከቱት ከ52,000 በላይ ሲሆኑ ትምህርት የጀመሩት 23,000 ገደማ ነበሩ። ቢኤስ-ኤምዲ ወይም ቢኤ-ኤምዲ እየተባሉ የሚጠሩት መርሐ ግብሮች ይህን ሁለተኛ ውድድር ያስቀራሉ፤ ተማሪው በ12ኛ ክፍል አንድ ጊዜ ተወዳድሮ ኮሌጁንም የሕክምና ትምህርት ቤቱንም በአንድ ላይ ያገኛል። በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ካንሳስ ሲቲ ከ1971 ጀምሮ ያለው የ6 ዓመት ነው፤ በኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ግቢ ያለው፣ በ1973 የተጀመረውና ለረጅም ጊዜ ሶፊ ዴቪስ ሲባል የቆየው የ7 ዓመት ነው፤ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ፒኤልኤምኢ ብሎ የሚጠራውና አብዛኞቹ ሌሎች ግን የ8 ዓመት ናቸው። ለእኛ አካባቢ ቅርብ ከሆኑት መካከል በሪችመንድ ያለው ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲና ዋሽንግተን ያለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የየራሳቸው መርሐ ግብር አላቸው።

እኔ ደሴ የሒሳብ መምህር ነበርኩ። በኢትዮጵያ ጎበዝ ተማሪ ከ12ኛ ክፍል በኋላ ባችለር ዲግሪ ሳይጠበቅበት ወደ ሕክምና ስለሚገባ፣ የአሜሪካው የ4 ዓመት ኮሌጅ ለእኔና ለባለቤቴ እንደ ባከነ ጊዜ ይታየን ነበር። ስለ መርሐ ግብሮቹ ስንሰማ መጀመሪያ የሳበን ፍጥነታቸው ነው፤ የ6 ዓመቱንም ከሁሉ አስቀድመን የተመለከትነው ለዚህ ነው። ዛሬ ግን በዚህ ምክንያት የሚመርጧቸውን ወላጆች ቆም ብለው እንዲያስቡ እመክራለሁ። የ6 ዓመቱ ትምህርት የሚያልቀው በጋውን ጭምር በመማር ነው፤ የ17 ዓመት ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ከሕሙማን ፊት ይቀርባል፤ ይህ የሚስማማቸው ልጆች አሉ፣ የማይስማማቸውም አሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አብዛኞቹ የ8 ዓመት መሆናቸውን ልብ በሉ፤ አንድም ዓመት አያሳጥሩም። ጥቅማቸው ሌላ ነው፦ ልጁ በእያንዳንዱ ፈተና የወደፊት ዕድሉ የተንጠለጠለ ሳይመስለው ታሪክም፣ ቋንቋም፣ ፍልስፍናም መማር ይችላል። ልጄ በሦስተኛ ዓመቷ የወሰደችው የሕክምና ታሪክ ትምህርት ከኬሚስትሪው ይልቅ ዛሬም ድረስ ከአፏ አይጠፋም።

ዝግጅቱን የጀመርነው 10ኛ ክፍልን ስትጨርስ ነው። በዚያን ጊዜ ከወዳጆቻችን አንዱ «እነዚህን ነገሮች የሚያውቅ» ሰው አገናኘን፤ ሰውየው ጠቀም ያለ ገንዘብ ተቀብሎ ልጄን ለውድድሩ እንደሚያዘጋጃት ነገረን። ያደረገው ግን የክበባትና የሽልማት ዝርዝር ማስረዘም ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ልጄ በስድስትና ሰባት ክበባት አባል ሆነች፤ በአንዳቸውም ውስጥ ግን የረባ ሥራ አልነበራትም። ያረቀቀላት ድርሰትም በስደተኛ ቤተሰብ ማደግን፣ የአያትን ሕመምና ሰውን የመርዳት ፍላጎትን በአንድ ገጽ ያጨቀ ነበር። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው፤ ሆኖም ስሟን አውጥቶ የሌላ ልጅ ስም ቢገባበት ምንም የሚለወጥ ነገር አልነበረውም። ገንዘብ የሚከፈለው አማካሪ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ነገር ግን ማንም ሰው ቦታውን አስገኝላችኋለሁ ካላችሁ ከዚያው ሽሹ፤ በቅበላው ላይ እጁ ያለበት ውጭ ሰው የለምና። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ካውንስለር በነጻ የነገረችን ከዚያ ሁሉ ይበልጥ ጠቅሞናል።

የካውንስለሯ ምክር አጭር ነበር፦ ክበባቱን ተዪና አንድ ነገር ለረጅም ጊዜ ሥሪ። ልጄ እናቷ በምትሠራበት ሳይሆን በሌላ ነርሲንግ ሆም በየሳምንቱ ቅዳሜ በበጎ ፈቃደኝነት ማገልገል ጀመረች። ሥራው ምግብ ማቅረብ፣ ጋዜጣ ማንበብና አረጋውያኑን በጋሪ ወንበር ወደ ግቢው ማውጣት ነበር። ከዚህ ጎን በቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው የውስጥ ደዌ ሐኪም በበጋ ዕረፍቷ ክሊኒካቸው እየዋለች ሥራቸውን እንድትመለከት ፈቀዱላት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ሐበሻ ሐኪሞቻችን ዘንድ ሄዶ መጠየቅ የሚያሳፍራቸው ብዙ ወላጆች አሉ፤ እኔም ዶክተሩን ለማስቸገር ለወራት አመንትቼ ነበር። ልጁ ራሱ በጨዋ ደንብ ደብዳቤ ጽፎ ቢጠይቅ ግን ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል። ዕድሜም ይታሰብበት፤ ብዙ ሆስፒታሎች ከ16 ዓመት በታች የሆነ በጎ ፈቃደኛ ስለማይቀበሉ ነርሲንግ ሆምና የግል ክሊኒክ ይቀላሉ።

የት እንደምታመለክት ስንመርጥ ያገኘናቸው ወጥመዶች ብዙ ናቸው። አንደኛው የመኖሪያና የዜግነት ጉዳይ ነው። አንዳንዶቹ መርሐ ግብሮች ለስቴቱ ነዋሪ ብቻ የተዘጋጁ ናቸው፤ የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲው ለምሳሌ ዓላማው ለኒው ሜክሲኮ ገጠር ሐኪም ማፍራት ስለሆነ የሚቀበለው የዚያኑ ስቴት ልጆች ነው። አብዛኞቹ ደግሞ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው መሆንን ይጠይቃሉ፤ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በእንጥልጥል ላይ ያለ ቤተሰብ ልጁን ለወራት ከማድከሙ በፊት ይህን ያጣራ። ሁለተኛው የማመልከቻ ቀን ነው። ለኮሌጁ ብቻ የሚያመለክቱ ተማሪዎች እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ጊዜ ሲኖራቸው፣ በአንድነት ለሕክምናው የሚያመለክቱት ግን በብዙ ቦታ በኖቬምበር ወይም በዲሴምበር መጀመሪያ መጨረስ አለባቸው፤ ተጨማሪ ድርሰቶቹም ከዚያው ጋር ይቀርባሉ።

ሦስተኛው በጣም የሚያደናግር ነው። ብራውን ላይ ልጅ በኖቬምበር 1 በሚዘጋው አስገዳጅ የቅድሚያ ውሳኔ ለፒኤልኤምኢ ማመልከት ይችላል። ችግሩ ኮሌጁ ተቀብሎ ፒኤልኤምኢ ሳይቀበለው ሲቀር ነው፤ ተማሪው ያኔም ብራውን ለመግባት የገባው ቃል ይጸናበታል። ብራውንን በራሱ የሚወድ ልጅ ምንም አይጎዳም፤ የሕክምናውን ቦታ ብቻ ፈልጎ የፈረመ ግን በሌሎች ቦታዎች የመወዳደር ዕድሉን አሳልፎ ሰጥቷል። እኛ ይህን ያወቅነው ፊርማው ሊቀመጥ ቀናት ሲቀሩት ስለነበር ልጄ በመደበኛው ጊዜ አመለከተች። በመጨረሻም፣ የቆየ ዝርዝር ይዛችሁ አትሥሩ። በእኛ ጊዜ በሁሉም አፍ የነበረው የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ መርሐ ግብር ከዚያ ወዲህ አዲስ ተማሪ መቀበሉን አቁሟል፤ እንዲህ የተዘጉና ደንባቸውን የለወጡ ሌሎችም አሉ። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በየዓመቱ የሚያወጣውን መረጃ ተመልክታችሁ ወደየዩኒቨርሲቲው ገጽ መሄድ ይሻላል።

ቃለ መጠይቅ ከጠሯት ትምህርት ቤቶች በመጀመሪያው ላይ ያ የተከፈለው ሰው ያስጠናትን መልስ ይዛ ሄደች። ጠያቂዋ ሐኪም ሁለት ነገሮች ጠየቋት፦ በ17 ዓመትሽ እንዴት እርግጠኛ ሆንሽ፣ ደግሞስ ሐኪም እንድትሆኚ ይበልጥ የሚፈልገው ማን ነው? ለሁለተኛው ያጠናችው መልስ አልነበራትም። በመኪና ስንመለስ ብዙ አልተናገረችም፤ ቤት ልንደርስ ስንል ግን «አባዬ፣ እኔ ነኝ የምፈልገው ወይስ እናንተ?» አለችኝ። የሰጠኋት መልስ አላረካኝም፤ እናቷ ግን «ነርሲንግ ሆም መሄዱን ነገ ተዪ ብንልሽ ትተይዋለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። አልተውም አለች። በቀጣዩ ቃለ መጠይቅ የተናገረችው ይህንኑ ነበር፦ አንዲት አረጋዊት መድኃኒታቸውን ለምን እንደማይውጡ ለነርሶቹ ሳይናገሩ ለእርሷ እንደነገሯት፣ እርሷም ያን ነገር ለማን መንገር እንዳለባት ሳታውቅ ማደሯን፣ በመጨረሻም ኃላፊዋን ነርስ ማማከሯን። መልሱ ያልተስተካከለና ጥያቄ ያዘለ ነበር፤ የተቀበሏት ግን እዚያ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት አልተቀበላትም። ወላጆች ይህን ጥያቄ ጠያቂው ሐኪም ከመጠየቁ በፊት ቤታችሁ ውስጥ ጠይቁት፤ ልጁ «አይ» ሊል የሚችልበትን ቦታም ስጡት።

በ2019 ጸደይ በእጃችን ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንዱ በመኪና ጥቂት ሰዓታት ከሚያስኬድ ሌላ ስቴት የመጣው የ8 ዓመት የተጣመረ ቅበላ ሲሆን የገንዘብ እርዳታው ትንሽ ነበር፤ ሌላው የራሳችን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ሊባል የሚችል የነጻ ትምህርት ዕድል ነበር፣ ያለ ሕክምና ቦታ። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ይህ እንዴት ይጠየቃል!» አለን። እኔ ግን ጥያቄው ተገቢ ነበር እላለሁ፤ ለአንዳንድ ቤተሰብም ትክክለኛው መልስ ሁለተኛው ነው። ኮሌጅን ያለ ዕዳ የጨረሰ ጎበዝ ተማሪ በተለመደው መንገድ ሲወዳደር እጁ ነጻ ነው፤ በሕክምናው የ4 ዓመት ወጪ በብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ከ300,000 ዶላር በሚበልጥበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ የመጀመሪያውን መረጥን፤ የልጄን የጭንቀት ጠባይ ስለማውቅ ነው። እርሷ ለዓመታት በውድድር ላይ ብትቆይ የምትደርስበትን ፈርቼ ነበር።

ከመፈረማችን በፊት የመጣውን ደብዳቤ ከልጄ ጋር በመስመር እያሰመርን አነበብነው። የእርሷ መርሐ ግብር ኤምካት አይጠይቅም ነበር፤ ሌሎች ግን ተማሪው ፈተናውን ወስዶ የተወሰነ ነጥብ እንዲያልፍ ያስገድዳሉ። ሆኖም በየዓመቱ መጨረሻ ጠቅላላ ጂፒኤዋ (ከ4 የሚታሰበው አማካይ ውጤቷ) ከ3.5 እንዳይወርድ፣ ከመሠረታዊ የሳይንስ ትምህርቶች በአንዱም ከሲ በታች እንዳታመጣ፣ የዲሲፕሊን ጥፋት እንዳይኖርባት፣ አገልግሎቷን እንዳታቋርጥ፣ ደግሞም ለሌላ የሕክምና ትምህርት ቤት ካመለከተች ቦታዋን እንደምታጣ ተጽፎ ነበር። ይህ ነገር እንደ ዕቁብ ነው፤ ዕጣው ስለወጣልህ መጣሉ አይቀርልህም። ደብዳቤው ያልመለሳቸውን ጥያቄዎች ልጄ በኢሜይል ጠየቀች፦ ጂፒኤው ቢወርድ ማስጠንቀቂያ አለ ወይስ ወዲያው ነው የሚያልቀው? በሁለተኛ ደረጃ የወሰደቻቸው ኤፒ የሚባሉ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርቶች የሳይንሱን ግዴታ ይተካሉ? አንድ ዓመት ማቋረጥ ይቻላል? መልሶቹን በጽሑፍ ማግኘታችን በኋላ ምን ያህል እንደጠቀመን ስትሰሙ ምክሬ ይገባችኋል፤ በስልክ የተነገራችሁን አትመኑ፣ አስጽፉ።

የመጀመሪያው ዓመት እስከ ማርች 2020 ድረስ መልካም ነበር። ከዚያ ወረርሽኙ መጣና ዶርሙ ተዘግቶ ልጄ ቤት ገባች። ሁለተኛ ዓመቷን፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ጨምሮ፣ በአብዛኛው በኮምፒውተር ስክሪን ፊት ተማረችው። ባለቤቴ ሌሊት በነርሲንግ ሆም ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች፤ ታናሽ ወንድሟ በዚያው ጠረጴዛ ላይ የራሱን ክፍል ይከታተላል፤ ቤታችን ጠባብ ነው። እናቷ በኮቪድ በታመመችበት ክረምት ልጄ ትምህርቷን ትታ ያስታመመቻት መሆኑን እኔ ሥራ ላይ ስለምውል በቅጡ አላየሁም ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል ማንም ስለ ውጤቷ አልጠየቃትም፤ «ቦታዋ ተይዟል» ብለን ነበርና። ለእኔ የእነዚህ መርሐ ግብሮች ትልቁ አደጋ ይህ ነው። ዋስትናው ልጁን ከሚያዘናጋው በላይ ቤተሰቡን ያዘናጋል፤ ልጁም ዘመድ ሁሉ «ዶክተር» እያለ እየጠራው መውደቁን የሚናገርበት አንደበት ያጣል።

በጁን 2021 የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ለሳምንታት ከእኔ ደብቃ ለእናቷ ብቻ ነገረች፤ እናቷም ጊዜ መርጣ ነገረችኝ። በዚያን ዕለት ምክር ልሰጥ ስከጅል ባለቤቴ በዓይኗ ከለከለችኝ፤ ስለዚህ እርሳስና ወረቀት አነሳሁ። ልጄ እስከዚያ በወሰደችው 60 ክሬዲት 3.38 ነበራት። በሚቀጥለው ዓመት 30 ክሬዲት ወስዳ ጠቅላላው 3.5 እንዲሆን ያስፈልጋት የነበረው አማካይ ስሌቱ ቀላል ነው፦ 90 በ3.5 ሲባዛ 315፤ 60 በ3.38 ሲባዛ 202.8፤ ልዩነቱ 112.2 ለ30 ሲካፈል 3.74 ይሆናል። ከባድ ነው፤ የማይቻል ግን አይደለም። ቁጥሩ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ፍርሃቷ መጠን አገኘ። አንድ ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ፣ 90 ክሬዲት ላይ ያው 3.38 ቢኖራት፣ በመጨረሻዎቹ 30 ክሬዲቶች 3.86 ያስፈልጋት ነበር። ውጤት ሲወርድ ቶሎ መናገር ያለበትም ለዚህ ነው፤ ክሬዲቱ በበዛ ቁጥር ጂፒኤ ወደ ላይ መግፋት እየከበደ ይሄዳል።

ያን ጊዜ ያ የድሮ ኢሜይል ሥራውን ሠራ። የማስተካከያ አንድ ዓመት እንደሚሰጥ በጽሑፍ ስለተነገራት ከመርሐ ግብሩ ኃላፊ ጋር የነበራት ስብሰባ ልመና ሳይሆን ዕቅድ ማቅረብ ሆነ። የእናቷን ሕመም የሚያሳይ ወረቀት አቀረበች፤ ይህንን በሴሚስተሩ መካከል ብትናገር ትምህርቱን ውጤት ሳይሰጥባት በደብልዩ ማቋረጥ ትችል እንደነበር ነገሯት። ደብልዩ በጂፒኤ ውስጥ አይገባም፤ ቀነ ገደብ ግን አለው፤ ሲበዛም ጥያቄ ያስነሳል። ትምህርቱን ደግሞ መውሰድ ሁልጊዜ መፍትሔ አለመሆኑንም ያን ጊዜ ተረዳን። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች አዲሱን ውጤት በአሮጌው ቦታ ይተካሉ፤ የተለመደውን ማመልከቻ የሚያስተናግደው ኤኤምካስ ግን ሁለቱንም ይቆጥራል። አማካሪዋ አንድ የማልረሳው ነገር ጨመሩላት፦ ቦታሽ እንደሌለ ሆነሽ ተዘጋጂ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ማንኛውም አመልካች ከመምህራኖቿ የድጋፍ ደብዳቤ እያሰባሰበች ለኤምካትም ማጥናት ጀመረች።

በመጸው ወደ ግቢው ተመለሰች። የትርፍ ሰዓት ሥራዋን ተወች፣ በየሳምንቱ ወደ መምህሩ የቢሮ ሰዓት ሄደች፣ በዩኒቨርሲቲው ነጻ አስጠኚ ተመደበላት። እኛም ከእርሷ የምንጠብቀውን ቀነስን፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤት ትምጣ ማለታችንን አቆምን፣ የዘመድ ሠርግና ተስካርም ያለ እርሷ ሆነ። በ2022 ዓመቱ ሲዘጋ ጠቅላላ ውጤቷ 3.53 ደረሰ። በኦገስት 2023 የሕክምና ትምህርት ጀምራ አሁን ሦስተኛ ዓመቷ ላይ ናት። አብረዋት በዚያው መርሐ ግብር ከገቡት መካከል ቦታቸውን ያጡ አሉ፤ ሐኪም መሆን እንደማይፈልጉ ደርሰውበት በፈቃዳቸው የወጡም አሉ፤ የኋለኞቹ እንደ ወደቁ ሊቆጠሩ አይገባም።

አሁን ለሚፈርሙ ቤተሰቦች ከእኛ ጊዜ ይልቅ የገንዘቡ ጉዳይ ከብዷል። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪዎች እስከ ሙሉ ወጪ ያበድር የነበረውን ግራድ ፕላስ የተባለ የፌዴራል ብድር አያገኙም፤ ለሕክምና ተማሪ ያለው የፌዴራል ብድር በዓመት 50,000 በጠቅላላው ደግሞ 200,000 ዶላር ላይ ተገድቧል። ልጄ ከዚያ በፊት የተበደረች ስለሆነች የቀድሞው ሥርዓት ለተወሰነ ጊዜ ይቆይላታል፤ ዛሬ 12ኛ ክፍል ያለ ልጅ ግን ከዚህ ወሰን በላይ ያለውን ከየት እንደሚያመጣ ዛሬ መታሰብ አለበት። የኮሌጁን ብቻ ሳይሆን የሕክምና ትምህርት ቤቱንም ክፍያ፣ ለስቴቱ ነዋሪና ለውጭ ነዋሪ ያለውን ልዩነት ጨምራችሁ፣ በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሩት።

ለሌላ ትምህርት ቤት ማመልከትን የሚከለክለው አንቀጽም የሚመነዘረው በገንዘብ ነው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በ2018 ለተማሪዎቹ ሁሉ የትምህርት ክፍያን አስቀረ፤ አልበርት አይንስታይን በ2024 ተከተለ፤ በዚያው ዓመት ጆንስ ሆፕኪንስ ከብሉምበርግ በጎ አድራጎት ድርጅት በተገኘ 1 ቢሊዮን ዶላር ገቢያቸው ከ300,000 ዶላር በታች ለሆኑ ቤተሰቦች ልጆች የትምህርት ክፍያን ነጻ አደረገ። ባልቲሞር ከቤታችን ሩቅ አይደለም። ልጄ በዚያን ጊዜ ሌላ ቦታ አንደኛ ዓመቷን እየጨረሰች ነበር፤ ይቀበሏት ነበር ማለቴ አይደለም፣ ለመጠየቅ ግን መብቷን ከ5 ዓመት በፊት ፈርማ ሰጥታ ነበር። አንዳንድ መርሐ ግብሮች ቦታውን ሳያስነጥቁ በሌላ ቦታ ማመልከትን ይፈቅዳሉ። ሁለት ቅበላ በእጃችሁ ካለና የቀረው ሁሉ ከተመሳሰለ፣ የሚፈቅደውን ምረጡ።

በ12ኛ ክፍል ያልተሳካለት ልጅ በሩ ሁሉ እንደተዘጋበት አይሰማው፤ ኮሌጅ ከገቡ በኋላም ቦታ አስቀድሞ የሚያስይዙ መንገዶች አሉ። የእህቴ ልጅ ዳላስ ነው የሚኖረው። ቴክሳስ በ2001 በሕግ ያቋቋመችው ጃምፕ የሚባል መርሐ ግብር አላት፤ ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ የስቴቱ ነዋሪ ተማሪዎች ኮሌጅ ከገቡ በኋላ አመልክተው ከተመረጡ የነጻ ትምህርት ድጋፍ፣ የበጋ ሥልጠናና የኤምካት ዝግጅት ያገኛሉ፤ የውጤቱን ግዴታ ካሟሉም በቴክሳስ ካሉት የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንዱ ቦታ ይጠብቃቸዋል። ይህ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ እያለ ስለ ሕክምና አስቦ አያውቅም ነበር፤ ዛሬ ከልጄ ያነሰ ዕዳ ይዞ ወደዚያው እየሄደ ነው። በኒው ዮርክ ያለው የማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት ደግሞ ፍሌክስሜድ በሚለው መንገድ የሁለተኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪዎችን ያለ ኤምካት አስቀድሞ ይቀበላል፤ ቲያትርም ይሁን ኢኮኖሚክስ የሚያጠና ልጅ ይችላል። ዲኦ የተባለውን ሌላውን የሐኪም ዲግሪ የሚሰጡትን የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ትምህርት ቤቶችንም አትናቁ። በእኛ ማኅበረሰብ «እውነተኛ ዶክተር» አይደለም የሚል ወሬ አለ፤ በአሜሪካ ዲኦ የያዘ ሰው ሙሉ የሐኪም ፈቃድ ማግኘት ይችላል፣ ከ2020 ጀምሮም ኤምዲና ዲኦ የያዙት ከምረቃ በኋላ በአንድ የሪዚደንሲ (የሆስፒታል ሥልጠና) ሥርዓት ይሠለጥናሉ። ከእነርሱ መካከል እንደ ሌክ ኢሪ የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ኮሌጅ ያሉት ገና ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ቦታ ያስይዛሉ።

ታናሽ ወንድሟ ግን ይህን ሁሉ ከቤቱ ሆኖ ተመልክቶ ምህንድስና ገባ።

የተለመደውን መንገድ ለሚይዙ፣ ወይም እንደ ልጄ ለጥንቃቄ ኤምካት ለሚያጠኑ፣ አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ተማሪዎች የክፍያ እርዳታ መርሐ ግብር አለው። የኤምካትን ክፍያ ይቀንሳል፣ የመለማመጃ ፈተናዎችን በነጻ ይሰጣል፣ እስከ 20 ለሚደርሱ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚከፈለውን የኤኤምካስ ክፍያም ያነሳል። ዜጎችና ግሪን ካርድ ያላቸው ብቻ ሳይሆኑ ጥገኝነት የተፈቀደላቸውም ማመልከት ይችላሉ፤ የወላጅ የግብር ወረቀት ስለሚጠየቅ አስቀድማችሁ አዘጋጁት። አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ግን አይመልስም፤ ስለዚህ ልጃችሁ ለፈተናው ከመመዝገቡ በፊት ይህን ማመልከቻ አስገብቶ መልሱን ይጠብቅ።